በሌለሁበት የፈረምኩት ወረቀት

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1
ሰኔ 16 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለጋሽ በእምነት፣ ድሬዳዋ

አዳነች መጮህ ስትጀምር ግቢው ውስጥ የነበሩት ሴቶች ጋኔን እየለቀቃት መሰላቸው። የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ነበር፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳበት ጊዜ። የማኅበሩ ተራ የአቶ ገብረማርያም ስለነበር ስምንት ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ፣ የምስር ሳምቡሳ ይጠቀልላሉ። አዳነች ከሰሉ አልያያዝ ብሏት ከቆርቆሮ ቤቱ በር ላይ አንድ ጀሪካን አነሳችና ላምባ መስሏት ፍሙ ላይ ደፋችው። ከዚያ በኋላ ለዓይን የታየችው አዳነች ብቻ ናት። እሳት የለም፤ ጭስ የለም። ትዘላለች፣ ደረቷን ትደበድባለች፣ "አቃጠለኝ! አቃጠለኝ!" ትላለች። እማማ ውብነሽ "አትንኳት! ይውጣላት!" ብለው ጠርሙሳቸውን ከፍተው ፀበል ይረጯት ጀመር። አንዷ እልል አለች።

እኔ ጩኸቱን ሰምቼ ከቆርቆሮ ቤቱ ስወጣ የፀጉሯ ጫፍ ያለ ነበልባል ሲጨማደድ አየሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። ጀሪካኑ ውስጥ የነበረው ሜታኖል ነው፤ ከአልኮል ወገን ሆኖ የሚጠጣ ሳይሆን የሚያሳውር። በጠራራ ፀሐይ ሲነድ ነበልባሉ አይታይም። ይህን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምሬ ለፈተና ጽፌዋለሁ። የሽንኩርቱን መታጠቢያ ባልዲ አንስቼ ደፋሁባት፤ ደገምኩ፤ ሠለስኩ። ሴቶቹ እኔን ሊይዙኝ ነበር።

ሰላምታዬን አስቀድሜ ባለመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰቡ ደህና ነው? እኔ ደህና አይደለሁም። የቤቱ ሠራተኛ አዳነች ሁለት እጇ፣ ደረቷና አንገቷ ተቃጥሎ ሆስፒታል ተኝታለች።

በየካቲት ወደ አበልጅዎ ወደ አቶ ገብረማርያም ሲልኩኝ "ለካፌው ጸሐፊ ይፈልጋል" ነበር ያሉኝ። በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ሆዳን ሰፈር ከሚገኘው ቤቱ ኋላ ወዳለው ቆርቆሮ ቤት ወሰደኝ። ምኒልክ አደባባይ ካለው ካፌው የመጣ የተጠበሰበት ዘይት በርሜል ሞልቶ ቆሟል። "ኬሚስት አይደለሽ? ናፍጣ አድርጊልኝ" አለኝ። ሜታኖልና ቆዳ የሚልጠውን ኮስቲክ ሶዳ እየቀላቀልኩ አደረግሁለት። አልዋሽዎትም፤ ደስ ብሎኝ ነው ያደረግሁት። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርኩትን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የሜታኖሉ ጀሪካኖች ላይ ግን በአማርኛና በፈረንሳይኛ "መርዝ፣ ተቀጣጣይ" ብዬ ጽፌ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ የራስ ቅል ስዬ ለጥፌ ነበር። በግንቦት መጨረሻ አቶ ገብረማርያም አንድ በአንድ ላጠው።

"ምን እያደረጉ ነው?" አልኩት።

"ጎረቤት ቦምብ እንሠራለን እንዲል ነው? የሚያውቀው ያውቀዋል።"

"የማያውቀውስ?"

"የማያውቀው አይነካውም" አለና ወረቀቱን ጨምድዶ ኪሱ ከተተ።

እሳት አደጋዎችና ፖሊሶች ሲመጡ ደግሞ በጣቱ እኔን አሳያቸው። "እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ከዘይት የማውቀው ወጥ ውስጥ ሲገባ ነው። ኃላፊዋ እሷ ናት" አላቸው። "ኃላፊ" የሚለውን ቃል ያመጣው እሱ ነው፤ ማንም አልጠየቀውም። ፖሊሶቹ ከከተማ እንዳልወጣ ነግረውኛል። ፓስፖርቴ በአቶ ገብረማርያም ቁም ሣጥን ተቆልፎበታል። በማግስቱ ልብሴን ይዤ ወጥቼ፣ እዚህ ሱቅ ካላት የድሬ ልጅ ከጀዋሪያ ጋር ተጠግቻለሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሲልኩኝ ለምን እንደሚፈልገኝ ያውቁ ነበር? ስልክ አልደውልም፤ በስልክ የተባለ ነገር ነገ አልተባለም ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ ይመልሱልኝ።

ፅዮናዊት ገብረኪዳን


ድሬዳዋ
ሐምሌ 5 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፅዮናዊት፣

ርቀት የማያደበዝዘው ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። የሊቀ መላእክት ክንፍ ይጋርድሽ፤ የሰው አገር ፀሐይ ይለስልስልሽ፤ ጠላትሽን ዓይኑን ይያዝልሽ። እኛ ከነፋሱና ከኑሮው በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር መልሱ ትንሽ ዘገየ።

በአዳነች ላይ የደረሰው እጅግ አሳዝኖኛል። ሆኖም ልጄ፣ የተማረ ሰው በንዴት አይጽፍም። ገብረማርያም የልጄ የባንቲሁን የክርስትና አባት ነው። አባቱ የባቡሩ ሐዲድ አዲስ በነበረበት ዘመን ወደዚያ ሄደው፣ ቤተሰቡ በዚያ ከተማ በሐቀኝነት የኖረ ነው። ቤቱን ከፍቶ የተቀበለሽን ሰው በአንድ ቀን አደጋ መመዘን ከደግ ሰው ልጅ አይጠበቅም። ነፍሱን ይማረውና አባትሽ ገብረኪዳን፣ የአክስቴ ልጅ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ጠባዩን ስለማውቀው ነው የምልሽ፣ ነገርን በቤት መጨረስ የሚወድ ሰው ነበር።

ሕጉን በሚመለከት አትስጊ። ቆርቆሮ ቤቱ ከመኖሪያው ስድስት ሜትር እንደሚርቅ፣ የሚመረተውም ለግል ጄኔሬተር ብቻ እንደሚውል በወረቀቱ ላይ በግልጽ ሰፍሯል። ስለዚህ የወረቀቱን ነገር አንቺ ባታነሺው ይመረጣል። ለአዳነች ቤተሰቦችም ሽማግሌ ይላካል፤ ይካሳሉ፤ ነገሩ ይበርዳል።

ወደ አንቺም የማኅበሩ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። የሚያቀርቡልሽ አጭር ጽሑፍ አለ። አንብበሽ ፈርሚላቸው። ለራስሽም ለስማችንም የሚበጀው ይኸው ነው።

እግዚአብሔር አእምሮውን ያድልሽ።

የአባትሽ የአክስት ልጅ
በእምነት


ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1
ሐምሌ 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለጋሽ በእምነት፣

ምርቃትዎ ደርሶኛል፤ አሜን ብያለሁ። እርስዎንም እግዚአብሔር ከጉንፋኑ ይማርዎት።

ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው የሾፌሩ የጋሻው የጫት መኪና ከድሬዳዋ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ እዚህ ይደርሳል። ከተማው በሙሉ ሥራ ፈትቶ ይጠብቀዋል። ለጫት የማይዘገይ መንገድ ለደብዳቤዎ አሥራ ዘጠኝ ቀን ዘገየ። ጋሻውን ጠየቅሁት። የኔን ደብዳቤ ሰኔ 17 ቀን በእጅዎ ሰጥቶዎታል። "እዚያው ቆመው አነበቡት፤ ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ስለ መኪናዬ ጎማ ጠየቁኝ" ነው ያለኝ። ሲያስሉም አልሰማም።

ስለ ወረቀት እኔ አልጻፍኩልዎትም። ደብዳቤዬን መላልሰው ያንብቡት፤ ስለ ጀሪካን አለ፣ ስለ ፓስፖርት አለ፣ ስለ ወረቀት የለም። ስድስት ሜትርም አላልኩም። ይህን ቤት አይተውት አያውቁም። ትናንት አቶ ገብረማርያም ካፌ ሳለ ሄጄ ለካሁት፤ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ሁለት ሜትር ከሰባ ነው። የምን ወረቀት ነው?

ሕጉን አላውቅም ብለው አያስቡ። በመጋቢት ራሴ ፈቃድ ወደሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ሄጄ፣ በመስኮት የሚሰጡትን አራት ገጽ መመሪያ ተቀብዬ ቃል በቃል አስተርጉሜዋለሁ። ለራስ ሞተር መሥራት በማመልከቻ ይፈቀዳል። ያለ ንግድ ፈቃድ አንድ ሊትር መሸጥ አይቻልም፤ ናፍጣ ቀረጥ አለበት። ሜታኖሉ ከማብሰያ ርቆ፣ ነፋስ በሚገባበትና በተቆለፈ ስፍራ፣ ስሙ ተጽፎበት መቀመጥ አለበት። ሶዳው ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይነካም። ናፍጣው የሚታጠብበት ውሃ ወደ ጎረቤት ቦይ አይለቀቅም። በአማርኛ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩት። አቶ ገብረማርያም አነበበና "ይሄ ለፈረንጅ ነው" ብሎ ሳቀ። ቁልፍ እንዲገዛ ሦስት ጊዜ ለመንኩት። በሚያዝያ ለሚኒባስ ሾፌሮች መሸጥ ጀመረ።

አዳነችን እየጠየቅኋት ነው። ትናንት "ፊቴ አልተነካም አይደል?" አለችኝ።

"አልተነካም።"

"እማማ ውብነሽ ፀበሉ ነው ያተረፈሽ ይላሉ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

"ባልዲው ነው።"

"አይ አንቺ! ሁለቱም ይሁን፤ ምን ይጎድልብሻል?" አለችና ልትስቅ ሞክራ አንገቷ ከለከላት። ቆይታ ደግሞ "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የሞተ ሰው ራስ ግን አውቃለሁ። ያንን ስዕል ባየው ኖሮ እጄን እሰድ ነበር?" አለችኝ።

ሽማግሌዎችዎም መጥተዋል። ሦስት ነበሩ፤ የማኅበሩ ሙሴና ሰብሳቢ አቶ አሸናፊ ይመሯቸዋል። ጀዋሪያ ሱቅ ፊት ለፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ያመጡት ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ ሥራው በራሴ ፍላጎት ያደረግሁት ሙከራ ነው፤ ጀሪካኑን በር ላይ የተውኩት እኔ ነኝ፤ አቶ ገብረማርያም ምንም አያውቅም።

"ልጄ፣ እዚህች ጋ ብቻ ነው" አሉ አቶ አሸናፊ፣ ብዕሩን ከፍተው እያቀበሉኝ።

"አንብበውታል?"

"እኛ ለዕርቅ ነው የመጣነው፤ ለንባብ አይደለም።"

ጀዋሪያ ከባንኮኒው ኋላ ሆና "አቦ፣ ሽማግሌ ናችሁ ወይስ ፖስተኛ?" አለቻቸው። ከሦስቱ አንዱ ሳቀ። አቶ አሸናፊ አልሳቁም። ጽሑፉን ትተውልኝ ሄዱ፤ በሳምንት እንመለሳለን ብለዋል።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ደግሞ አሰብኩበት። ምናልባት ተቆጥቼ አብዝቼ ይሆናል። ከዚህ ጣጣ ወጥቼ ሌላ ሥራ ብይዝ ለሁላችንም የተሻለ ይመስለኛል። አንድ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ረዳት ይፈልጋል ሲባል ሰምቻለሁ። የኔ ፈረንሳይኛ የገበያ ነው። እርስዎ ግን የባቡሩን ደብዳቤ ሁሉ በፈረንሳይኛ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ነዎት። ስሜን፣ የተወለድኩበትን ቀንና ቦታ፣ ዲግሪዬንና አድራሻዬን ጠቅሰው ለርዕሰ መምህሩ የሚሰጥ ማመልከቻ በእጅዎ ቢጽፉልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ፅዮናዊት


ድሬዳዋ
ሐምሌ 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለአስተዋይዋ ልጄ ለፅዮናዊት፣

ልብን የሚያሳርፍ አምላክ ልብሽን ስላሳረፈው ምስጋና ይድረሰው። የደብዳቤሽ ፊት ቢመረኝም ጀርባው ጣፍጦኛል። የገብረኪዳን ልጅ መሆንሽን ያየሁት በመጨረሻዎቹ መስመሮች ነው።

ማመልከቻው ከዚህ ጋር ታጥፏል። የጣቢያ ሹሞቹ ፈረንሳውያን በነበሩ ጊዜ እንዳስተማሩኝ፣ በቀጭን ብዕር፣ ያለ ስርዝ ድልዝ ጽፌዋለሁ። ማንም ቃል እንዳይጨምርበት የየመስመሩን ትርፍ ቦታ በሰረዝ ዘግቼልሻለሁ። በጭነት ወረቀት ላይ ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ጥንቃቄ ነው፤ የዛሬ ጸሐፊዎች አያውቁትም። ርዕሰ መምህሩ አሮጌ ሰው ከሆነ ገና ሲያየው ያከብርሻል። አንቺ ፊርማሽን ብቻ ጨምሪበት።

ስለ ወረቀቱ ያልኩሽ የአነጋገር ነው። ሥራ ያለ ወረቀት አይሠራም ለማለት ያህል ነበር። ስድስት ሜትሩንም ገብረማርያም በጨዋታ የነገረኝ ይመስለኛል፤ ዕድሜ ነው።

እኔም አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያለፈውን ደብዳቤዬን በጋሻው እጅ መልሺልኝ። ታምሜ ስለጻፍኩት አሰካኩ አልጣመኝም፤ ደግሜ በደንብ ልጽፍልሽ እፈልጋለሁ። ይህኛውንም ካነበብሽ በኋላ ብትቀጂው ግድ የለኝም።

ሽማግሌዎቹን አታጉላይ። የእመቤቴ ፍቅር ይብዛልሽ።

በእምነት


ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1
ሐምሌ 22 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለጋሽ በእምነት፣

እንደምን አሉ? ይህኛው መልስዎ በአምስት ቀን ደረሰኝ። መንገዱ ሲፈልጉት አጭር ነው።

የላቦራቶሪ ረዳት የሚፈልግ ትምህርት ቤት የለም። ዋሽቼዎታለሁ፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የፈለግሁት የእጅ ጽሑፍዎን ነበር።

ሰኞ ከጀዋሪያ ጋር ወደ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። መዝገብ ቤት የምትሠራዋ ሴት ኢማን ትባላለች፤ መነጽሯን በሰንሰለት አንጠልጥላለች። ጀዋሪያ በሱማልኛ ታስተረጉምልኛለች። ስሜን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺ ነሽ? ኃላፊ ቴክኒሺያኗ?"

"እሱን ነው ለማየት የመጣሁት።"

"የራስሽን ማመልከቻ ልታዪ ነው የመጣሽው?"

"አዎ። ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም።"

ጀዋሪያ ይህን ስታስተረጉም ሳቀች፤ ኢማን ግን አልሳቀችም። ተነስታ ፋይሉን አመጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

አመልካች ገብረማርያም። ኃላፊ ቴክኒሺያን ፅዮናዊት ገብረኪዳን፤ ስለ ሜታኖሉ አቀማመጥ፣ ስለ ሶዳው፣ ስለ መለያ ጽሑፉ፣ በሥራው ላይ ስለሚደርስ ማንኛውም አደጋ በሕግ የምጠየቅ እኔ። የዲግሪዬ ቅጂ ተያይዟል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ዋናው በእርስዎ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ከታች ፊርማዬ። ቀኑ በፈረንጅ ዲሴምበር 18፣ 2007 ይላል፤ እኛ ታኅሣሥ 8 የምንለው። በዚያን ቀን እኔ ድሬዳዋ ነበርኩ። እንዲያውም ትዝ ይለኛል፤ በዚያ ሳምንት እርስዎ ቤት መጥቼ ሥራ ማጣቴን ሳጫውትዎት "እግዚአብሔር በሩን ይከፍታል" ብለውኛል።

ቅጹን እየሞላ የሄደው እጅ ቀጭን ብዕር ይዟል። በየመስመሩ መጨረሻ የተረፈው ባዶ ቦታ ሁሉ በሰረዝ ተዘግቷል። የላኩልኝን ማመልከቻ ከቦርሳዬ አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩት። ኢማን መነጽሯን አደረገች። አንዱን አየች፤ ሌላውን አየች። ስሜ ላይ፣ የተወለድኩበት ቀን ላይ፣ ዲግሪዬ ላይ ጣቷን እየጫነች ሁለቱን ወረቀቶች እኩል ወረደች።

"ማነው የጻፈልሽ?" አለችኝ።

"ዘመዴ።"

"ጥሩ ጸሐፊ ነው" አለች። ከዚያም "ታኅሣሥ ላይ እዚህ ካልነበርሽ ፓስፖርትሽ ላይ የመግቢያ ማኅተም አለ። አምጪው" አለችኝ።

"ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።"

"የማን ቁም ሣጥን?"

"የአመልካቹ።"

ኢማን ፋይሉን ዘጋችው፤ ወደ መደርደሪያው ግን አልመለሰችውም። መሳቢያዋ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት።

አቶ ገብረማርያም ፓስፖርቴን "እንዳይጠፋብሽ" ብሎ የያዘው ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም ነበር። እርስዎም ደብዳቤዎ እንዲመለስልዎ ለምን እንደፈለጉ አሁን ገባኝ። ደብዳቤውን አልመልስም። ሁለቱም እኔ ዘንድ ናቸው።

ፖሊሶቹ ነሐሴ 6 ቀን ቃሌን ይቀበላሉ። በዚያ ቀን ያ ወረቀት እውነት ከሆነ፣ አዳነችን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቅዎታለሁ። በስሜ የፈረሙት እርስዎ ነዎት?

ፅዮናዊት


ድሬዳዋ
ነሐሴ 3 ቀን 2000 ዓ.ም.

ፅዮናዊት፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጾመ ፍልሰታ ገብቷልና ሐሰት አልጽፍም።

ፈረምኩልሽ። ቃሉን አስተውዪ፤ ፈረምኩብሽ አላልኩም። ዲግሪሽ ሁለት ዓመት በላስቲክ ተጠቅልሎ ሣጥኔ ውስጥ ተኝቶ ነበር። አንቺም ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ስትዞሪ አይሻለሁ። ገብረማርያም የተማረ ሰው ስም ካላገኘሁ ፈቃዱን አይሰጡኝም አለኝ። አንድ ቅጽ ነው፤ የሁለት ገጽ ነገር። ትሄጃለሽ፣ ትሠሪያለሽ፣ ከዚያ ራስሽ ትፈርሚዋለሽ ብዬ ነው። ጊዜው ቀደመኝ። ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። ግን እሺ እንደምትዪ አውቅ ነበር።

ባንቲሁንንም ታውቂዋለሽ። ሠላሳ ሊሞላው ነው፤ ከጫት ተራ አይርቅም ነበር። የክርስትና አባቱ ጅቡቲ ወደብ ሥራ አስገባው። አሁን ጠዋት ይነሳል፤ ለእናቱ ይደውላል። አባት ስትሆኚ ይገባሻል ልልሽ ነበር፤ እናት ስትሆኚ ልበል። አንቺ እዚያ ቀርበሽ የተናገርሽ ዕለት ገብረማርያም ልጁን በማግስቱ ያስወጣዋል።

ልለምንሽ። ነሐሴ 6 አትሂጂ፤ ታምሜያለሁ በይ። ፍልሰታ ስትፈታ እኔ ራሴ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥቼ ከእግርሽ እወድቃለሁ፤ ገብረማርያምም ይወድቃል። ነገሩ በዘመድ ይለቅ። እምቢ ካልሽ ግን በአባትሽ ሙት ዓመት አጠገብሽ የሚቆም ዘመድ እንደማታገኚ ዕወቂው። ይህን የምልሽ ለማስፈራራት አይደለም።

ምርቃት እንዳልጨምር እጄ ደክሟል።

በእምነት


ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1
ነሐሴ 8 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለጋሽ በእምነት፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎት።

ነሐሴ 6 ቀን ሄድኩ። ቃሌ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከምሳ በኋላ ሁለት ፖሊሶች ሆዳን ድረስ ወስደውኝ አቶ ገብረማርያም ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ፓስፖርቴን ሲሰጠኝ "እንዳይጠፋብሽ ብዬ እንጂ" አለ፤ አሁንም። የመግቢያው ማኅተም ቀን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 11 ነው። ፖሊሱ ቀኑን ጮክ ብሎ አነበበና ከቅጹ ቀን ጋር ጻፈው።

ነፃ ወጣሁ ማለቴ አይደለም። የራሴንም ተናግሬአለሁ። በሚያዝያ ለሾፌሮች መሸጥ ሲጀምር ሕጉን እንደሚጥስ አውቅ ነበር፤ ሥራዬን ግን አላቆምኩም። ምልክቶቹ ሲላጡ አይቼ ቆርቆሮ ቤቱን ጥዬ አልወጣሁም፤ ሥራው ደስ ይለኝ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ "ኬሚስት" ተብዬ ነበር። መርማሪው "ይህን መናገር የለብሽም፤ ማንም አልጠየቀሽም" አለኝ። አዳነች ትጠይቀኛለች አልኩት። ቅጣት ሊጣልብኝ እንደሚችል ነግሮኛል። የሠራሁትን ያህል ከሆነ እከፍላለሁ።

አዳነች ከሆስፒታል ወጥታ ጀዋሪያ ጋ አብረን ነን። አቶ ገብረማርያም "አፍሽን ከከፈትሽ ድንበር ያሻግሩሻል" ብሎ መልእክት ልኮባት ነበር። በፋሻ በተጠቀለለው እጇ ወንበሩን እየደገፈች ገብታ መሰከረች። ስትወጣ "ጣቴ ስለማይሠራ አሻራ አልወሰዱም። 'ቃልሽ ይበቃል' አሉኝ። አየሽ፣ የኔ ቃል ይበቃል!" እያለች እስከ ቤት ድረስ ስትደጋግመው ነበር።

ደብዳቤዎችዎን አስረክቤያለሁ፤ የመጨረሻውንም ጭምር። ባንቲሁን ትናንት ሱቁ በር ላይ መጥቶ ቆሞ ነበር። ከወደብ አስወጥተውታል። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ "አባቴ የጻፈው እውነት ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። ውሃ ጠጣና ሄደ። ስለ እሱ አዝኛለሁ። ግን የእሱን እንጀራ በእኔ ስም የጋገሩት እርስዎ ነዎት፤ የተነጠቀውም ከእኔ አፍ ከወጣ ቃል የተነሳ ሳይሆን በእርስዎ እጅ ከተጻፈው የተነሳ ነው።

ዲግሪዬ ተኝቶ ነበር ብለዋል። እውነት ነው፤ ተኝቶ ነበር። የኔ ነበርና መቀስቀሱም ለኔ መተው ነበረበት። ታኅሣሥ ላይ ቤትዎ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ቅጹን ፊቴ ቢዘረጉት ኖሮ፣ ምናልባት በደስታ እፈርም ነበር። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኸኛው ነው። ሊያታልሉኝ እንኳ አላስፈለገዎትም ነበር፤ መጠየቁ ብቻ ከበደዎት።

ፍልሰታ ሲፈታ አይምጡ። ከእግሬ የሚወድቅ ሽማግሌ አልፈልግም፤ ብድግ በሉ ማለት የኔ ግዴታ ይሆንብኛልና። በአባቴ ሙት ዓመት ብቻዬን እቆማለሁ፤ ከቆሙት ሁሉ የእሱ ልጅ እኔ ነኝ።

"እሺ እንደምትዪ አውቅ ነበር" ብለው ጽፈዋል። ከእንግዲህ የማልቀበለው ይህን ነው። ዘመድ ቢሆን፣ አበልጅ ቢሆን፣ ክፉ ቀን ያሳለፈኝ ቢሆን፣ እኔን ሳይጠይቅ በእኔ ፋንታ እሺ የሚልን ሰው አልቀበልም።

ፅዮናዊት ገብረኪዳን
በራሴ እጅ